መብራት የጠፋበት ሳምንት

ዳሲቱ ያን ዕለት ወደ ሱቁ የገባችው ተናዳ ነው። በአንድ እጇ ገና የተከፈተ ጥቁር ጠርሙስ፣ በሌላው ደግሞ ለናሙና ያስቀረችውን ባዶ ጠርሙስ ይዛለች። ሁለቱንም ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸው።

«ስጠኝ ያልኩህ ይሄንን ነው። የሰጠኸኝ ግን ይሄንን ነው» አለች።

ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ልጅ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ሁለቱም ላይ የተጻፈው ቻይንኛ ነው። ሁለቱም ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል።

«አንድ ናቸው እኮ እህቴ።»

«አንድ ቢሆኑ ምግቡ ሬንጅ ባልመሰለ። የፋብሪካው ሰው ሁሉ ሳህኑን እያየ ሲስቅብኝ ዋለ።»

ልጁ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ባዶውንም አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ዳሲቱ እሱም ይስቅብኛል ብላ ነበር፤ አልሳቀም።

«እኔም ማንበብ አልችልም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከኮምቦልቻ ከመጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ሰው ሲጠይቀኝ በቀለሙ ነው የማነሳው።»

ሳቋ አመለጣት። ይዛው የመጣችው ንዴት ሳትጠቀምበት ሱቁ ውስጥ ጠፋባት።

ስሙ ዑበይድ ነው። ሱቁ የታላቅ ወንድሙ የከሊል ነው። ከሊል ለዓመታት ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ እየተመላለሰ ልብስ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። በአቃቂ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ቻይናዎች የአገራቸውን ቅመም ፍለጋ ቦሌ ድረስ እንደሚንከራተቱ ሲያይ ሳሪስ ላይ ይህን ሱቅ ከፈተ። ከአኩሪ አተር የሚወጣ ጥቁር ሶያ ሶስ፣ የሩዝ አቼቶ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ የደረቀ እንጉዳይ፣ ኮከብ የሚመስል ቅመም፣ ምላስ የሚያደነዝዝ ቁንዶ በርበሬ መደርደሪያውን ሞልተውታል። በስተኋላ በኩል ባሉት ትልልቅ ፍሪዘሮች ውስጥ ደግሞ ዓሣና ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ አለ።

ዳሲቱ አቃቂ ባለ አንድ የቻይናዎች ፋብሪካ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። አባቷ ሶሬሳ በሕይወት ሳሉ ጤፍና ሽምብራ የሚዘሩበት መሬት ዛሬ ከፋብሪካው አጥር ውስጥ ነው። ተወልዳ ባደገችበት ቀዬ ላይ የሰው ድንች ስትልጥ መዋሏ አንዳንዴ ይከነክናታል፤ ለማንም ግን አትናገረውም። መጀመሪያ የገባችው ዕቃ ልታጥብ ነበር። ሚስተር ሊን የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ አንድ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ አዩዋትና ሙያ ሊያስተምሯት ጀመሩ። እሳቸው አማርኛ አይችሉም፣ እሷ ቻይንኛ አትችልም። የሠራችውን ቀምሰው ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወይ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እንዲህ እየሆነ ነው ማብሰሉ በእጇ የገባው።

ከዚያ ዕለት ወዲያ ቅመም ለመግዛት በመጣች ቁጥር ሁለቱ መደርደሪያው ሥር ቁጢጥ ብለው ጠርሙስ መለየት ጀመሩ። ዑበይድ ስልኩን ጽሑፉ ላይ ደቅኖ ያስተረጉማል። ስልኩ የሚያወጣው አማርኛ ደግሞ ሌላ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ዓይነት ነው።

«ምን ይላል?»

«‹የተቆጣ ባቄላ› ይላል።»

«የተቆጣ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ስልኩ ነው ያለው።»

ዳሲቱ በጣቷ ጫፍ ቀመሰችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እውነቱን ነው፣ ተቆጥቷል» አለች። ዑበይድ ነጭ ወረቀት ቆርጦ «የሚያቃጥል ባቄላ» ብሎ ጻፈና ለጠፈበት። ቀጭኑ ሶያ ሶስ «ለጨው»፣ ወፍራሙ «ለቀለም» ተባለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሱቁ መደርደሪያ ግማሹ በእሱ የእጅ ጽሑፍ፣ በእሷ ምላስ አማርኛ ሆነ።

አንድ ቀን አንድ ጣሳ ከፍታ ልትቀምስ ስትል እጇን ያዛት።

«እሱን ተዪው። የአሳማ ስብ አለበት።»

«በምን አወቅክ?»

«ይቺን ፊደል ለይቼ አውቃታለሁ። መጀመሪያ ያጠናኋት እሷን ነው።»

«እኔስ መች በላሁ? ስሠራላቸው እንኳን የሚቀምሱልኝ ሚስተር ሊን ናቸው።»

«በዚህስ ተስማማን» አለ ዑበይድ። እጇን አሁንም እንደያዘ ያወቀው ይህን ካለ በኋላ ነው። ለቀቃት። ሁለቱም ሌላ የሚያነሱት ጠርሙስ ፈለጉ።

መልከ መልካም የሚባል ልጅ አልነበረም። ጆሮው ትልልቅ ነው፣ ፊት ለፊት ያለው አንድ ጥርሱ ተደርቧል። ዳሲቱን የማረካት ግን መዋሸት አለመቻሉ ነው። ደንበኛ «ይሄ አዲስ የገባ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ አዲስ ካልሆነ መንተባተብ ይጀምራል። ከሊል በዚህ ይበሳጭበት ነበር። «አንተ ልጅ በዚህ አንደበትህ ነጋዴ አትሆንም» ይለዋል። ዳሲቱ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ፈገግ ትላለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት ዶፍ ዝናብ ሱቁ ውስጥ አገታት። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ሌላ ድምፅ አላሰማ ብሏል። ዘምቢሏን እግሯ ሥር አስቀምጣ በሩ አጠገብ ቆመች፤ እሱም መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ዳሲቱ።»

«አቤት።»

«አንቺ በማትመጪበት ቀን ይሄ ሱቅ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?»

«ምን ይመስላል?»

«ሱቅ።»

ዞር ብላ አየችው። ዝናቡን እያየ ነበር፤ ግን ዝናቡን የሚያይ ሰው ዓይን አልነበረም።

«ዑበይድ፣ እናቴ ወር በገባ በአምስት ከሳሪስ አቦ ቀርታ አታውቅም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አንተ ደግሞ አሁን አዛን ሲል ትተኸኝ ትሄዳለህ።»

«እሄዳለሁ። ተመልሼ ደግሞ እመጣለሁ» አለ። «የእኛ ቤት ወሎ ነው ዳሲቱ። የእናቴ አያት ክርስቲያን ነበረች፤ እንደዚያ ሆነው ነው የኖሩት። እናቴን ለኔ ተይልኝ። ያንቺን እናት ግን አላውቃቸውም።»

«እኔም እንጃ» አለች ዳሲቱ።

የዳሲቱ እናት ወይዘሮ ጋዲሴ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ እስረኛ ጠያቂዎች የሚያርፉበት ትንሽ ሻይ ቤት አላቸው። ሰው ሲገባና ሲወጣ ፊቱን አይተው ያለበትን የሚያውቁ ሴት ናቸው። የልጃቸው ፊት አያመልጣቸውም። ጥቅምት ላይ አንድ ዓርብ ሻይ ቤቱን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለማንም ሳይናገሩ ሳሪስ ሄዱ። ሱቁን ጠይቀው አገኙት።

ዑበይድ ማን እንደሆኑ አላወቀም። ትልቅ ሰው ናቸው ብሎ ወንበር አወጣላቸው።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው ልጄ? አይብ ነው?»

«አይደለም እማማ። ቶፉ ይባላል። ከአኩሪ አተር ነው የሚሠራው።» ነጠላቸውን አየ፤ ዓርብ መሆኑ ትዝ አለው። «የጾም ነው፣ አይፍሩ። ያኛውን ግን አይንኩ፤ እሱ ዓሣ አለበት።»

«አንተ ትበላዋለህ?»

«ያለማመደችኝ ሰው አለች።»

ወይዘሮ ጋዲሴ ትንሽ ቶፉ ገዝተው ወጡ። ማታ ዳሲቱ ከሥራ ስትገባ ሳህን ላይ አስቀምጠው ጠበቋት። እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቁ እንዲሁ በቃሪያ ጠብሰውታል።

«ልጁን አየሁት» አሉ።

ዳሲቱ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

«መጥፎ ቢሆን ይቀለኝ ነበር» አሉ እናቷ። «መጥፎ ቢሆን አንድ ቃል ተናግሬ እገላገል ነበር። አባትሽ ቢኖሩ እሺ አይሉም። እኔም እሺ አላልኩም። ግን ወንበር አወጣልኝ፣ ጾሜንም አሰበልኝ። እስቲ ጊዜ ስጪኝ።»

ጊዜ ሰጠቻቸው። ጊዜው ሙሉውን ኅዳርና ታኅሣሥ ወሰደ። ወይዘሮ ጋዲሴ ለንስሐ አባታቸው ነገሩ፤ ንስሐ አባታቸው ተቆጡ። ከዘመድ ጋር ተመካከሩ፤ ዘመድ አኮረፈ። ከገና በኋላ አንድ ጠዋት ብርጭቆ እያለቀለቁ ሳለ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ «እናቱ ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁ። ዳሲቱ ይህ እሺታ መሆኑን አወቀች። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

ዑበይድ ይህን በስልክ መንገር አልፈለገም። ጥር መጨረሻ ላይ እናቱን በአካል ሊጠይቅ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ።

እሱ በሌለበት ሳምንት ሳሪስ ከሱቁ በላይ ያለው ትራንስፎርመር ተቃጠለና ሠፈሩ መብራት አጣ። የሱቁ ጄኔሬተር ዑበይድ ከመሄዱ በፊት ጀምሮ ተበላሽቶ ነበር፤ ከሊል ዛሬ ነገ እያለ አላሠራውም። ፍሪዘሮቹ ለቀናት ያለ መብራት ቆዩ። መብራቱ ሲመጣ የቀለጠው ሁሉ እንደገና በረዶ ሆነ፤ ላዩን ለሚያየው ምንም የሆነ አይመስልም።

የቻይናዎች አዲስ ዓመት የዋለው በዚያው ሰሞን ነው። ዳሲቱ ለድግሱ ሽሪምፕ ልትገዛ መጣች። የሸጠላት ከሊል ራሱ ነው። ፈገግ እያለ ቅናሽም አደረገላት። ወንድሙ ስለሚያገባት ነው ብላ ደስ አላት።

ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠች ስልኳ ጮኸ።

«እናቴ እሺ አለች» አለ ዑበይድ።

ዳሲቱ ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አቀፈችው። ቅዝቃዜው በቀሚሷ አልፎ ተሰማት፤ ግድ አልሰጣትም። «ምን አለች? እንዳለችው ንገረኝ።»

«‹ስሟ ማነው?› አለች። ነገርኳት። ‹ትርጉሙስ?› አለች። አላውቅም አልኳት። የስሟን ትርጉም ሳታውቅ ነው ወይ የምታገባት ብላ ተቆጣችኝ።»

«መጥቼ ራሴ እነግራታለሁ በላት» አለች ዳሲቱ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ዓይኗን አይተው መሐረብ ሰጧት።

በማግስቱ ድግሱ ሆነ። ሚስተር ሊን ሽሪምፑን ወደዱት። ሁለተኛ ሳህን ጠየቁ፤ አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት። ሌሊቱን መኖሪያ ካምፑ ውስጥ ሰው እየተፈራረቀ ሲያስመልስ አደረ። አብዛኛው በጥቂት ቀን ዳነ። ሚስተር ሊን ግን ሆስፒታል ገቡ፤ ኩላሊታቸው ታመመ ተባለ።

የፋብሪካው አስተርጓሚ ዘካሪያስ ይባላል። ዳሲቱን ወጥ ቤቱ በር ላይ አስቆሞ ነው ያነጋገራት። «ሽሪምፑን ውጭ አሳድረሽው ነው ይላሉ።»

«አላሳደርኩም። እንደገባሁ ፍሪዘር ውስጥ ነው የከተትኩት።»

«ሱቁ ነው ጥፋተኛው ካልሽ የሱቁ ሰው መጥቶ ይናገር። ሥራ አስኪያጁ እነሱንም አንቺንም ነገ ጠርቷል።»

ዑበይድ የዚያኑ ቀን ከኮምቦልቻ ገባ። የሆነውን ሲሰማ ቀጥታ ወደ ፍሪዘሩ ሄደ። ሽሪምፑ ከነከረጢቱ ተጋግሮ አንድ ድንጋይ ሆኗል፤ ከሥሩ የረጋው በረዶ ቡናማ ነው። ሽታው አፍንጫው ውስጥ ቀረ። አመሻሹ ላይ ለዳሲቱ ደወለ።

«አይቼዋለሁ» አላት። «ቀልጦ እንደገና የረጋ ነው። ጄኔሬተሩ እንደማይሠራም አውቃለሁ። ነገ እናገራለሁ። አንቺ አትጨነቂ፣ እሺ?»

«እሺ» አለች። እንቅልፍ ወሰዳት።

ዑበይድ ግን ስልኩን ሲዘጋ ከሊል ከኋላው ቆሞ ነበር። አልተቆጣም። ሳጥን ስቦ ተቀመጠ።

«አባታችን ሲሞት ስንት ዓመትህ ነበር?» አለ።

አባታቸው ከጅቡቲ ጭነት ይዞ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ነው የሞተው። ትምህርቱን አቁሞ ዑበይድን ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ እናቱንም እስከ ዛሬ የሚጦረው ከሊል ነው።

«ስህተት ሠርቻለሁ» አለ ከሊል። «ሁሉንም ብጥለው ሱቁ አብሮ ይወድቅ ነበር፤ ሰው ያማል ብዬ አላሰብኩም። አሁን ነገ ሄደህ ብትናገር ሱቁን ያሽጉታል፣ እኔንም ያስሩኛል። እሷን ምን ያደርጓታል? ቢበዛ ከሥራ ያስወጧታል። ሥራ ደግሞ ይገኛል። ታገባታለህ፣ እኔ ራሴ እደግስልሃለሁ። እኔን ግን ከወህኒ ማን ያወጣኛል?»

«ጋሼ፣ ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ለኔስ ምንም አልገባህልኝም?»

በማግስቱ ሁሉም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሰበሰቡ። ዳሲቱ ጥግ ላይ ቆማለች። ዑበይድ ሲገባ አላያትም፤ ተረብሾ ነው ብላ አሰበች። ከሊል መብራት መጥፋቱን አመነ፤ ጄኔሬተር ግን ስላለን ፍሪዘሩ አልጠፋም አለ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ዑበይድ ዞረና አንድ ነገር ተናገረ። ዘካሪያስ ተረጎመ።

«ጄኔሬተሩ ይሠራ ነበር ወይ ይልሃል።»

ዑበይድ ጠረጴዛውን እያየ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ ሥራ አስኪያጁን አየው።

«እኔ በዚያ ሳምንት አገር ቤት ነበርኩ» አለ። «ጄኔሬተሩ ግን ስሄድ ይሠራ ነበር።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ምላሱም አልተያዘም። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው እንደሚመልሰው አድርጎ ነው የመለሰው።

ዘካሪያስ «የምትጨምሪው ነገር አለ?» ሲላት ጥያቄው የገባት ዘግይቶ ነው። «የለም» አለች። ዑበይድን አየችው፤ እሱ አላያትም። ሽርጧን ፈታ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አጥፋ አስቀመጠችና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጥፎ ነበር። በሠፈሩ «ቻይናዎቹን የመረዘችው» ተባለች። ለሥራ የሄደችበት ምግብ ቤት ሁሉ ስሟን ሰምቶ ይመልሳታል። በእናቷ ሻይ ቤት ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች፤ እዚያም አንዳንድ ዘበኞች ሳምቡሳውን «ማን ነው የሠራው?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ዑበይድ ይደውላል፣ አታነሳም። መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል፣ ቀና አትልም።

ከሁሉ የከበዳት ግን የሚስተር ሊን ነገር ነው። ከሆስፒታል ወጥተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው ሲባል ሰምታ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀቻቸው። ከስተዋል። ሁለት ሰዎች ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቧቸው። ስማቸውን ጠራች። አዩዋት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሌላው መስኮት መለሱ። መኪናው ሄደ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ዑበይድ ብቻውን ፋብሪካው ሄዶ ለዘካሪያስ ሁሉንም ነገረው። ዘካሪያስ ሥራ አስኪያጁ ፊት አቆመው፤ እዚያም ደገመው። ሱቁ ታሸገ። ከሊል ተከሰሰ፤ በዋስ ወጥቶ ጉዳዩን እየተከታተለ ነው። ወንድሙን ግን ከቤቱ አስወጣው። እናታቸውም ከኮምቦልቻ ደውለው ለዑበይድ የተናገሩትን እሱ ለማንም አልነገረም።

ዘካሪያስ ዳሲቱን ሊጠራት ራሱ ሻይ ቤት ድረስ መጣ። ይቅርታ ጠየቃት፤ ሥራዋም እንደተመለሰላት ነገራት። «ሚስተር ሊንስ? ነገራችኋቸው?» አለችው።

«ስልካቸው አይሠራም» አለ ዘካሪያስ። «የሄዱበትን መንደር የሚያውቅ ሰው የለም።»

ሥራዋ ተመለሰ። ዑበይድም ተመልሶ መጣ፤ አሁን ከመንገዱ ማዶ ሳይሆን ሻይ ቤቱ ውስጥ። ወይዘሮ ጋዲሴ ሲያዩት ተነስተው ሻይ ቀዱለት።

«ከስተሃል ልጄ» አሉት።

«ደህና ነኝ እማማ።»

እናቷ ትሪውን ይዘው ወጡ። ዳሲቱና ዑበይድ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ውጭ ጠያቂዎች ስንቃቸውን ይዘው ወደ ማረሚያ ቤቱ በር ይሰለፋሉ።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው።»

ፊቱ በራ። ይህንን ስታይ ልቧ ተሰበረ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ቃል እሱ አልጠበቀውም ነበር።

«ግን አላገባህም ዑበይድ።»

«ወንድሜን አጣሁ ዳሲቱ። እናቴን አጣሁ። ሁሉንም ነገር ተናገርኩ።»

«አውቃለሁ። ከባድ ነገር ነው ያደረግከው። ብዙ ሰው አያደርገውም።»

«ታዲያ?»

ብርጭቆውን አዞረችው። «መፍራትህን እረዳለሁ። ያሳደገህ ወንድምህ ነው። እኔም ለእናቴ ብዬ የማደርገውን አላውቅም። ያን ቀን ዝም ብትል ኖሮ፣ ብትንተባተብ ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብለን ሠርጉን እናወራ ነበር። አንተ ግን እንደ ውሃ ነው የተናገርከው። ቀጥ ብለህ።»

ዑበይድ አንገቱን ደፋ።

«ሌሊቱን ሙሉ ተለማምጄው ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው» አለች ዳሲቱ። «እኔ ያን ሌሊት ተኝቻለሁ። ነገ ይናገራል ብዬ ተኝቼ ነው ያደርኩት። ከእንግዲህ አንተ አጠገብ ተኝቼ የማድር አይመስለኝም። ‹እወድሻለሁ› ስትለኝ አንደበትህን ማዳመጥ እጀምራለሁ። እንዲህ ሆነን አንኖርም።»

«እኔን መውደድ አቁመሻል?»

ዳሲቱ ልትዋሸው ትችል ነበር። «አላቆምኩም» አለች። «ቢቆም ይሻለኝ ነበር።»

ዑበይድ ሻዩን አልጠጣም። የአባቱ ጓደኛ የነበረ ሾፌር ረዳት አድርጎ ሊወስደው እንደሆነ ነገራት፤ ጉዞው በጅቡቲ መስመር ነው፤ መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ከቃሊቲ ይነሳል። «ቅር ካልሽኝ ግን እቀራለሁ» አለ።

«ሂድ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት የጭነት መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ሜዳ ሄደች። ለምን እንደሄደች ራሷም አታውቅም። ዑበይድ ሸራ እያሰረ ነበር። አያት፤ ገመዱን ለቀቀ። አልቀረበችውም፤ እሱም አልመጣም። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ዑበይድ ጋቢናው ላይ ወጣ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ ቆመች፤ ከዚያ ሰዓቷን አየችና ወደ ፋብሪካው ሮጠች። ምሳው በሰዓቱ ደረሰ።

አመሻሹ ላይ እናቷ ደጃፍ ተቀምጠው ጠበቋት።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ምናለ ብትተዪለት ኖሮ» አሉ ወይዘሮ ጋዲሴ። «ልጅ እኮ ነው። የሰው ልጅ ይፈራል። እኔ እኮ ከዘመድ ሁሉ ተጣልቼ፣ ቄሱን አስቀይሜ...» ድምፃቸው ተቆረጠ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ግን እንባው አልቆመም። ያንን የወሎ ልጅ በራሳቸው ዓይን አይተው፣ ከራሳቸው ጋር ወራት ታግለው፣ ልጃቸው አድርገውት ነበር። አሁን የሚያለቅሱለት እንደወለዱት ልጅ ነው።

ዳሲቱ ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች።

«በቃ እማዬ፣ በቃ አታልቅሺ» አለች፤ እናቷን ስታባብል የራሷን ማልቀሻ ሰዓት ሳታገኝ መሸ።